መዥገር የሌለበት በግ

ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ጫልቱ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የቱፋ ነው። እሷ ማታ ማታ የቀበሌውን ሽማግሌ ሁሉ ሀ ሁ ታስቆጥራለች። እኔ እምቢ ብያለሁ። ያልኩሽን ጻፊ፣ አታሳምሪ።

ኮተቤ መንገድ ዳር ባለው ላቦራቶሪ የበግና የጥንቸል ጠባቂ ነኝ። ዛሬ ለተመራማሪዋ ለሰናይት በግ አሳረድኩ። ደሙን፣ አንጎሉን፣ ጉበቱን ለየብቻ በረዶ ላይ አድርጋ ወሰደች። ከመታረዱ በፊት ጸጉሩን ዳስሳ፣ «አባ ቱፋ፣ አንድ መዥገር እንኳ የለውም» አለች። «ከእኔ እጅ መዥገር ያለበት በግ አይወጣም» አልኳት። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ

ሰናይት ብልቃጥ ስታጥብ ዋለች። ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

«በደሙም በአንጎሉም ኤንዛይም የሚባል ነገር አለ» አለችኝ። «ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። መርዝ ሲገባባቸው ሥራ ያቆማሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚያቆም ነው የምለካው።»

የወንድማማች ነገር ነው አልኳት፤ በአንድ ስድብ አንዱ ዱላ ያነሳል፣ አንዱ ይስቃል።

«እንደሱ ነው። ችግሩ፣ መርዙን ገና ሳልጨምርበት የደሙን ኤንዛይም ሥራ ፈትቶ አገኘሁት። የአንጎሉ ደህና ነው።»

ረቡዕ

አለቃዋ በር ላይ ቆሞ ሲናገራት ሰማሁ። «ጓድ ሰናይት፣ ደሙን ከበረዶ ውጪ አሳድረሽዋል። እስከ ቅዳሜ ምክንያቱን ካላመጣሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።» «አላሳደርኩም» አለች። ድምጿ ቀጠነ።

ላጽናናት ብዬ፣ ለመሆኑ ያ መርዝሽ ምንድን ነው አልኳት።

«እህል ላይ ለነቀዝ የሚነሰነሰው ዱቄት ዓይነት ነው። ቤትዎም ይኖራል።»

ይኖራል። መዥገሩን ያረገፍኩት በምን ሆነና? ባለፈው ሳምንት ያንን ዱቄት በጨርቅ ቋጥሬ በጉን ከጆሮው እስከ ጭራው ነስንሼዋለሁ። ገላውን ሲልስም አይቻለሁ። እኛ አገር መዥገር ያለበት በግ ለሰው የሰጠ ስሙ በክፉ ይነሳል፤ አባቴም ሳያጸዳ አይሰጥም ነበር።

«ቤቴ የለም» አልኳት።

ጫልቱ ብዕሩን አቆመች። ጻፊው እንጂ።

ሐሙስ

ወገቤን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ወገቤ ደህና ነው። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ፤ ደጁ ስደርስ መግባት አፈርኩ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ተመለስኩ። የነሰነስኩት ሳላውቅ ነው። የዋሸሁት ግን አውቄ ነው።

ማታ ጫልቱ የዱቄቱን ቆርቆሮ አነሳችና፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ‹ለእህል ብቻ› ይላል» አለች። ከዚያ አልፋ አልወቀሰችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ዓርብ

ነገርኳት። አለቃዋም ባለበት፣ ኮፍያዬን አውልቄ። በጉን ዱቄት የነሰነስኩት እኔ ነኝ፣ ስትጠይቀኝም ዋሽቻታለሁ አልኩ።

አለቃው ሳቀ። «ሽማግሌው መድኃኒት ቀማሚ ሆነው አረፉት!» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰናይት አልሳቀችም። የደሙ ኤንዛይም ለትንሽ መርዝም ቶሎ እጅ ይሰጣል፣ አንጎሉ ጋ ግን ብዙ አልደረሰም ብላ አስረዳችው። በሌላ በግ እንድትደግመው ፈቀደላት።

ወደኔ ሳታይ፣ «ረቡዕ ቢነግሩኝ ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር» አለች።

ኮፍያዬን ሳልደፋ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት የላቦራቶሪውን በጎች ሁሉ ነስንሻቸዋለሁ። በጨርቅ የቋጠርኩት ዱቄት አልቆብኝ ያልነካሁት የራሴን ሙክት ብቻ ነው። እሱን ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ወረድኩ። ጆሮው ሥር መዥገር አለ፤ እጄ ሊነቅል እየሄደ መለስኩት።

መንገድ ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ አመለወርቅ አዩትና፣ «አባ ቱፋ፣ የእርስዎም በግ መዥገር ያወጣል ለካ?» አሉ።

«ያወጣል» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ሰናይት ጆሮውን ገልጣ መዥገሩን አየች። «እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው» አለች። የደሙ ነገር ሰኞ ይታወቃል። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ዛሬ «እርስዎ» አለችኝ እንጂ አንዴም «አባ ቱፋ» አላለችኝም።

በይ ጫልቱ፣ አሁን አንብቢልኝ። ከረቡዕ ጀምሪ። «ቤቴ የለም» ያልኩበት ጋ ስትደርሺ እንዳታልፊው።