የአባባ ሻይና የማሽኑ ፍርድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለታጁ ኸሊፋ፤ መቱ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? የአባባ ሳል ለቀቃቸው ወይ? የእህታችን የቢልቂስ ልጅስ መሄድ ጀመረ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት ሰለቸኝ።

ሀርጌሳ በየቀኑ ትገነባለች፤ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈራችን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ብቻ ሆኗል። ሰው ሲበዛ ሻዩም ተፈለገና፣ አሠሪዬ ሲራድ ለመጋዘኗ ሻይ የሚቀምስ ማሽን አስመጣች። አትሳቅ፣ እኔም ስቄ ነበር። ቀጫጭን ዘንጎቹ ሻዩ ውስጥ ይነከሩና ምሬቱን፣ አፍ መያዙን ሁሉ ኮምፒውተሩ በቁጥር ያወጣዋል። የሚያሠራው ድሬዳዋ ያደገው ዓብዲሰላም ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ከሰው ይማራል። ስለዚህ አባባ ይሠሩበት በነበረው የሻይ እርሻ ቅምሻ ክፍል እንዳስተማሩኝ፣ ፉት እያልኩ እየተፋሁ ከአሥር ነጥብ እሰጥ ነበር።

ጉዴ የወጣው እዚያ ላይ ነው። ካለፈው ረመዳን በኋላ ታይፎይድ ከያዘኝ ወዲህ ምላሴ ሞቷል፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዓብዲሰላም ያንኑ አንድ ሻይ በሁለት ብርጭቆ ቢሰጠኝ ለአንዱ ስምንት፣ ለሌላው አራት ሰጠሁት። ሲራድ አላባረረችኝም፣ አላህ ይስጣት፤ ወደ ማሸጊያ አዛወረችኝ።

የማለቅሰው ግን ለዚህ አይደለም። አባባ ከጓሯቸው ለቅመው፣ በእጃቸው አሽተው የላኩልኝን ሻይ «ምርጥ ነው፤ ፍርድሽን ላኪልኝ» ቢሉኝ፣ ምንም ሳይጣፍጠኝ «እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም» ብዬ ጽፌላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ናፍቆት ቢያስቸግረኝ ለማሽኑ ሰጠሁት። ከሁሉ ያነሰ ነጥብ አወጣለት። ተሳስቷል ብዬ ሦስቴ አስደገምኩ። ሲራድ ፉት ብላ ተፋችውና ገና ሲደርቅ ጀምሮ የሻገተ ነው አለችኝ።

ታጁ፣ ትንሽ ያረረ ቅጠል እንኳ የማያልፋቸው አባባ ይህን ቀምሰው ነው ምርጥ ነው ያሉት። የሳቸውም ምላስ ሄዷል ማለት ነው። አንተ ደግሞ በእኔ ቃል ተማምነው፣ ከዚያው ሻይ የቀረውን ጣሳ ማንም እንዳይነካው ከልክለው ለመውሊድ እንግዶች ሊያቀርቡት እንደሆነ ጻፍክልኝ። ሠላሳ ዓመት በሻይ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው በገዛ ቤታቸው ሊያፍሩ ነው፤ ያውም በእኔ ውሸት።

እባክህ፣ ከሱቅ ደህና ሻይ ቅጠል ግዛና እሳቸው ለጁሙዓ ሲወጡ ለውጠው። አይታወቃቸውም።

ቢልቂስን ከነልጇ ሳምልኝ፤ አክስቴ ፈዲላንም ሰላም በልልኝ። የአባባን ጉልበት ሳምልኝ። ስለላኩልኝ ሻይ ከጠየቁህ፣ ዊዳድ ጨርሳ ጠጣችው በላቸው።

እህትህ ዊዳድ ኸሊፋ
ሀርጌሳ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2004 ዓ.ም.