ቢጫ ጠመኔ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ያቺ ነገረኛ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው ሰው የምትነክሰው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ግን ሰውነቴን ነው፤ ሆዴ እንደ ጎማ ተነፍቶልሻል። አንድ ሰው መርፌ ቢያስጠጋኝ ፍንዳታው አንቺ ጋ ይሰማል። አባባም ደህና ነው። ስለሱ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው ትያለሽ። ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ስናገር አባባ አጠገቤ ነው። ስናደድ ደግሞ ድምፄን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ከጎማ አድጌ ሞተር ክፍል ልገባ ነው ብዬ የጻፍኩልሽን ቅደጂው። ለጎረቤት አውርተሽ ከሆነም ቀስ ብለሽ መልሺው። ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። እኔ ላይ! በዚህ ጋራዥ ከኔ የፈጠነ ጎማ አሳሪ ካለ ይምጣና ያሸንፈኝ፤ ዓይኔን ተሸፍኜ አስሬ እነሱ ገና ክሪክ ይፈልጋሉ።

ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። እኛ ጋ ጎማ ያጠበቀ ሰው በየቡሎኑ ላይ በጠመኔ መስመር ይስባል፤ ከቡሎኑ ጀምሮ እስከ ቸርኬው። ቡሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ሹፌሩም ያየዋል። ጎማ ላይ ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን፤ የሱ ጠመኔ ሰማያዊ፣ የኔ ቢጫ። ሁለቱም አንድ ጣሳ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። መስመር የሳበ ሰው ስሙን ጻፈ ማለት ነው፣ በኋላ እኔ አይደለሁም ማለት የለም ብሎ ያስተማረኝ ራሱ አባባ ነው።

እና አንድ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ወጥቶ መንገድ ላይ የኋላ ጎማው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሹፌሩ ነቃ ያለ ሰው ነው፣ ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ ቢያይ ሁለት ቡሎን በእጅ ብቻ ተይዟል፣ መፍቻ የሚባል አልነካውም። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። ግን ከላያቸው የተሳበው መስመር ቢጫ ነው።

በቃ፣ አለቀ። ፊሽካ ማንንም ሳይጠይቅ ወረቀቱን አስጻፈ። ፊሽካ የምልሽ አለቃችንን ነው፤ ሲናገር በጥርሱ መሀል ያፏጫል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አሁን ጋራዡ በሙሉ በሱ ነው የሚጠራው። ከላይ ያሉት ሲጮኹበት ዞሮ እኔ ላይ ጮኸ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

የሚያንጨረጭረኝ ምን መሰለሽ? ያ ጎማ ሲታሰር እኔ ጋራዥ ውስጥ አልነበርኩም። ማን ላከኝ? ራሱ ፊሽካ። ሮጥ ብለህ የሞተር ቺንጋ አምጣ አለኝ፣ ሮጥኩ፣ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ አምጥቼ በእጁ አስረከብኩት። ተባረክ እንኳ አላለኝም። አሁን ጭራሽ አላስታውስም ይለኛል። ሰው እንዴት የበላውን እንጂ የላከውን አያስታውስም?

መልስህን በጽሁፍ አቅርብ ተባልኩ። እጄ ለመፍቻ እንጂ ለእስክሪብቶ እንዳልተፈጠረ ታውቂያለሽ፤ ስናደድ ግን ደራሲ ነኝ። «ለማይመለከተው ክፍል» ብዬ ጀመርኩት። ባለሱቁ ይጠራልኝ፣ ማስጠንቀቂያው ይቀደድልኝ፣ ሞተር ክፍል ልግባ፣ አለቃውም በሰው ፊት ሳያፏጭ ይቅርታ ይጠይቀኝ አልኩ። ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስትጨርስ ደግሞ አደራህን፣ እኔ ሰምቼዋለሁ እንዳትል አለችኝ።

ይህንን መሣሪያ ኪሴ ከትቼ አስተዳደር ገባሁ። ፊሽካ ተቀምጧል። የአስተዳደሯ ሴትዮም አለች፤ እሷ ክፉ አይደለችም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬን አያችሁ ወይ የምትል ዓይነት ናት። ወረቀቱን ሳላወጣ በአፌ ለፈለፍኩት። አልነበርኩም አልኩ። የት ሄደህ አለች። እሳቸው ልከውኝ አልኩ። ፊሽካ ትንሽ አፏጨና እኔ እንጃ አለ። ባለሱቁ ምስክሬ ነው፣ አሁኑኑ ይደወልለት አልኩ። ሴትዮዋ ስልኩን አነሳች። እታለም፣ አሸንፌ ነበር እኮ። ሞተር ክፍል ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ቁጥሩን ልትነካ ስትል ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ካልነበርክ ጥሩ፤ ያንተ ይቀደድና ለሌላው ይጻፋል። ጎማ ላይ ያላችሁት ሁለት ናችሁ አይደል?»

እኔ ደግሞ ግለት ላይ ነኝ፣ መሐላው ምላሴ ላይ ደርሷል። አልነካሁትም፣ አባቴ ይሙት ልል፣ «አባቴ...» ብዬ ጀመርኩ።

እዚያው ቀረ።

የዚያ ቢሮ መስኮት ወደ ጋራዡ ነው የሚያየው። አባባ ታች አውቶቡስ ስር ተንበርክኮ መፍቻውን ይፈልጋል። መፍቻው እፊቱ ነው፣ ጉልበቱ ሊነካው ምንም አልቀረው። እሱ በመዳፉ መሬቱን ይዳብሳል።

አባትህ ምን አለኝ ፊሽካ። ምንም አልኩት። አይደወል፣ ቺንጋውን የተላክሁት ሌላ ቀን ነው፣ ተምታቶብኝ ነው፣ አምጡት ልፈርም አልኩ። ፊሽካ ደስታውን አልቻለውም፤ ወጣት ጥፋቱን ሲያምን ደስ ይላል ብሎ መከረኝ። እኔን መከረኝ። ጆሮዬ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ጥርሴን ነክሼ ፈረምኩ። ሞተር ክፍል ለሌላ ተሰጠ። ለምን ፈረምክ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ አልነግርሽም።

ወደ ቤት ስንሄድ አባባ፣ ያንተ መስመር ነው አሉ አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ሄድን።

«ቢጫ ነበር?»

«ቢጫ ነበር፣ አባባ።»

ጣቶቹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አያቸው። ከታጠበ ቆይቷል፣ ምንም የለባቸውም። መንገዱን ስናቋርጥ ክንዴን ያዘ። አባባ ሰው ክንድ ይዞ ያውቃል? እኛን እንኳ በኮሌታችን ነበር የሚያሻግረን።

በነጋታው አንድ ጎማ ካጠበቀ በኋላ ጣሳውን ወደኔ ዘርግቶ የቱ ነው የኔ አለኝ፣ እየቀለደ መስሎ። ሰማያዊውን ሰጠሁት። መስመሩን ሳበና ዞር ሳይል፣ «ና እስቲ፣ ያንተንም ጨምርበት» አለኝ። ዕድሜ ልኩን ሥራውን ማንም እንዲነካበት ፈቅዶ የማያውቅ ሰው። መፍቻዬን ይዤ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። አንዷ ዞረችልኝ። አጠበቅኳት። ቢጫዬን ከሰማያዊው ጎን ሳብኩ።

አሁን ከኛ እጅ የሚወጣ አውቶቡስ ሁሉ ሁለት መስመር አለው። ፊሽካ አይቶ ይሄ ደግሞ ምንድነው ሲለኝ ከምክርዎ የተማርነው ነው አልኩት። ይኸውልሽ፣ ለበላዮቹ እኔ ያመጣሁት አሠራር ነው ብሎ አቅርቦ ተመሰገነ። እኔ ልፈንዳ እንጂ ምን እሆናለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቶሎ ነይና አባባን ዓይን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ለሱ ነው እንዳትይው፣ አይሄድም። ዓይኔን አሞኛል፣ ብቻዬን እፈራለሁ በይው፤ ላንቺ ከሆነ እሳት ውስጥም ይገባል። ከገባችሁ በኋላ አንቺ ታውቂበታለሽ። እኔ አልጻፍኩልሽም፣ አንቺም ስለ ማስጠንቀቂያ የሰማሽው ነገር የለም። ስለ ሞተሩ አትዘኚ፤ አሁን ያስገቡት ሰው እጁ ቅቤ ነው፣ የያዘው ሁሉ ያመልጠዋል፤ ራሳቸው መጥተው ይለምኑኛል።

ስትመጪ ከመሳፈርሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ጎማውን እዪ። ሰማያዊና ቢጫ ጎን ለጎን ካየሽ ሳትሰጊ ግቢና ተኚ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ የልጅሽን ጥርስ ለሳቅ ያድርግላት።

አሁንም ጎማ ክፍል ያለው
ወንድምሽ