ጨዋውና ባለጌው

ኅዳር 3

የሠራነው የስልክ ጨዋታ ለገበያ ከወጣ ሳምንት ሆነው። ዛሬም አስተያየት ሳነብ ዋልኩ። እማዬ "ስልኩ ላይ ተተክለሽ ቀረሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው...

አንዱ "አንቺ ደንቆሮ" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በታች አላነበብኩም። የጨዋታውን ድምፅ የሚሠራው ጓደኛዬ፣ ጆሮ ነው የምንለው፣ ምክሩ አጭር ነው፦ ጠቃሚውን ያዢ፣ ስድቡን ሳታነቢ ጣዪ። ጣልኩት።

ኅዳር 6

ለካ እንዲህ ያለም ሰው አለ። "እጅዎ ይባረክ" ብሎ ጀመረ፣ በአንቱታ! ጨዋታው ውስጥ ያለው የወጥ ቤት መስኮት ወደ ውጭ ከሚከፈት ወደ ውስጥ ቢሆን ይሻላል አለ። የጨዋታውን ቤት የሠራሁት የራሳችንን ቤት ፎቶ አንስቼ ነው፤ ድካም ሽሽት። እማዬ "ጓዳዬን ለዓለም አስጎበኘሽው" እያለች ትቀልድብኛለች። የእኛም መስኮት የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። እንዴት አመለጠኝ? አረምኩት። ሰውየውን "ጨዋው" አልኩት። ያኛው "ባለጌው" ይሁን።

ኅዳር 9

ጨዋው ደግሞ ጻፈ። የኮሪደሩ በር ሲከፈት ሲጥ ማለት አለበት አለ። ጆሮ መጥቶ የእኛኑ በር ድምፅ ቀዳ። "ሰውዬው እንጀራዬን ሊቀማኝ ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለጌው ዛሬም ጽፏል። ጣልኩት።

ኅዳር 13

ጨዋው፦ "የእናትዎ አልጋ ከመስኮቱ ሥር መሆኑን ረስተዋል።"

ጨዋታው ውስጥ እናት የለችም። የእማዬን ክፍል ፎቶ አንስቼው አላውቅም። ገምቶ ይሆን? እንዲህም ይገመታል?

ለጆሮ ደወልኩ። "ቤቱን ያወቀ ሌላም ሰው ይኖር ይሆናል፤ የጣልሽውን ስድብ ከመጣያው አውጥተሽ አንብቢው" አለኝ። አወጣሁት። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "አንቺ ደንቆሮ፣ ይሄ የራስሽ ቤት አይደል? በመስኮቱ የሚታየውን ሕንፃ እኔ እንኳ አወቅሁት። አንድ እብድ ሳያገኝሽ አንሺው።"

እኔ ነኝ ደንቆሮዋ።

ኅዳር 14

ጨዋታውን ከገበያ አነሳሁት። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው የጨዋውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበና "ምን በደለሽ? አመስግኖሽ እኮ ነው" አለ።

ማታውኑ እማዬን ይዤ አክስቴ ቤት ገባሁ። ቤቱ ቀለም ሊቀባ ነው አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ኅዳር 20

ባለጌውን ከስድቡ ሥር በተወው ኢሜይል አመሰገንኩት። "አሁን ነው የሚገባሽ፣ ደንቆሮ" ብሎ መለሰልኝ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ። አሁን ስድብ ሳይ እፎይ እላለሁ። "እጅዎ ይባረክ" የሚል ሳይ ግን ተነስቼ መጋረጃ እዘጋለሁ።

ጨዋታው ስለሌለ አስተያየት የሚሰጥበት ቦታም የለም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት በኢሜይሌ መጣ፦

"ጨዋታው በመነሳቱ አዝኛለሁ። እናትዎ አዲሱን ቤት ገና አልለመዱትም መሰለኝ። የጓሮው በር መቀርቀሪያ ላልቷል፤ ቢያስጠብቁት መልካም ነው።"

ሄጄ ነካሁት። ላልቷል።