ባለ ሁለት ወንበሯ የሙሽራ መኪና

ይዲድያ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ገዝተሽልኝ ነይ ያልከኝን ቀይ የስፖርት መኪና ዲላ አጠገብ ወናጎ ከተማ አገኘኋት። በዓለም ላይ መቶ ብቻ ከተሠሩት አንዷ መሆኗ እውነት ነው፤ ቀይነቷ ግን ቀርቷል። ባለቤቷ አቶ ሙሉካ የቡና ነጋዴ ናቸው። መኪናዋን ለሰርግ ያከራያሉ፤ ሙሽሮች ነጭ ይሻለናል ስላሏቸው ነጭ አስቀብተዋታል።

ትናንት ሰርግ ነበርና ሥራ ላይ አየኋት። ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ አቶ ሙሉካ ይነዳሉ፣ ሙሽራዋ ከጎናቸው ትቀመጣለች፣ ሙሽራው ደግሞ ከሚዜዎቹ ጋር በባጃጅ ይከተላል። ማንም አልሳቀም፤ አገሩ ለምዶታል። ሰዉ መኪናዋን እያየ እልል ሲል፣ ሙሽራው ከኋላ ባጃጅ ውስጥ የከረባቱን አቧራ ያራግፍ ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ስለ ሽያጩ ልንነጋገር ተቀመጥን። “ሰውየው ምን ሊሠራባት ነው?” አሉኝ። አዲስ አበባ ጋራዥህ ውስጥ እንዳሉት ሌሎች መኪኖችህ ሸራ ለብሳ እንደምትቆም ነገርኳቸው።

“ምኗ ተበላሽቶ ነው የማትነዳው?” አሉ ደንገጥ ብለው።

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እያወራሁት ለራሴም አልገባኝም።

አልሸጥም ብለዋል። ነገ ከዲላ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትህንና የጋራዡን ልጆች ሰላም በልልኝ። አቶ ሙሉካም ሰላም ብለውሃል። ያገባህ ቀን መኪናዋን በነጻ ይዘውልህ ይመጣሉ፤ አንተ ግን ከኋላ በባጃጅ ነህ።

ሀሴት