አምስት ዓመቷ ነው አልኩ

ነሐሴ 4

ሰላሳ ስምንት ጉርድ ቀሚስ። ሁሉም ሰማያዊ። ሁሉም ለሌላ ሰው ልጆች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ስፌት ቤታችን እንዲህ ነው፣ ቀና የሚል ሰው የለም። ልጄ ዛሬም አብራኝ ዋለች። ቤት የሚጠብቃት የለም፣ አባቷ ቤት ሊቀባ ማልዶ ይወጣል። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ሜትር ይዛ ትቀመጥና ያለፈውን ሁሉ ትለካለች። ዛሬ ተራው የቆራጫችን የጋሼ ነበር። ወገባቸውን ለካች።

«ስንት ሆንኩ?» አሏት።

«ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ... ሃያ አስር... ጋሼ፣ ሜትሩ አለቀ።»

«አይዞሽ፣ እኔ ገና አላለቅኩም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የኔን መቼ ነው የምትሰፊው?»

«ይደርሳል» አልኳት። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። 

ነሐሴ 6

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ማን ያየዋል?

ባለፈው ሰኞ ላስመዘግባት ይዣት ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። ስድስት ከመንፈቅ ማለት ነበረብኝ። «አምስት» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ...

«ለአምስት ትልቅ አይደለችም?»

«በአባቷ ወጥታ ነው።»

«እንግዲያው ለሚመጣው ዓመት ያምጧት።»

መዝገቡን ዘጋች። ቀለል አለኝ። ልጇን «አንቀበልም» ሲሏት ቀለል የሚላት ምን ዓይነት እናት ናት? ማታ ለባሌ «ሞልቷል» አልኩት። ሁለት ውሸት በአንድ ቀን። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

ነሐሴ 9

የመጀመሪያው ልጄ ከሞተ ዛሬ አስር ወር። ስምንት ዓመቱ ነበር። ትምህርት በተከፈተ በሶስተኛው ሳምንት ትኩሳት ይዞት ከትምህርት ቤት መጣ። በአራተኛው ቀን የለም። ትምህርት ቤቱ ምን አጠፋ? ምንም። አውቃለሁ። ማወቄ ምንም አልረዳኝም።

ነሐሴ 14

ይቺ ልጅ ምን እንደገባባት እንጃ። ምሳ ሰዓት ላይ አዝራሮች ፊቴ ደርድራ «ቁጠሪ እማ» አለችኝ። ቆጠርኩላት። አምስት ላይ ስደርስ እጄን ያዘች።

«ከአምስት በኋላ ማን ይመጣል?»

«ስድስት።»

«ጎበዝ። ድገሚው።»

ሶስት ጊዜ አስደገመችኝ። ስጨርስ ጭንቅላቴን ዳበስ ዳበስ አደረገች። አስተማሪ አስተማሪ መጫወቷ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ራሷ ከሃያ ዘጠኝ በኋላ መንገዱ ይጠፋባት የለ?

ነሐሴ 17

ጋሼ መቀሳቸውን አስቀምጠው ጠሩኝ። ሳቅ ይተናነቃቸዋል።

«አንቺ፣ ቁጥር አትችዪም እንዴ?»

«ምን አሉኝ?»

«ልጅሽ ናት የነገረችኝ። በሚስጥር። 'እማዬ ከአምስት በላይ አትችልም፣ ግን እያስተማርኳት ነው፣ ለሰው አይንገሩባት' አለችኝ። እኔ ደግሞ አስር ዓመት ሙሉ አንቺ በለካሽው ስቆርጥ!»

እኔም ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ገባኝ። ከጠረጴዛው ስር ጠራኋት።

«ከአምስት በላይ አትችልም ያለሽ ማነው?»

«ራስሽ ነሻ። ለሴትዮዋ አምስት አልሻት። እኔ ስድስት ነኝ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ትልቅ ሰው ሰው ፊት አይታረምም ብለሽኛል።»

ብያታለሁ። አክስቷን ስታርም ቆንጥጫት ሁሉ ነበር። ሶስት ሳምንት ያህል ይሄን በሆዷ ይዛ እኔን ልታስተምር ስትለፋ... እናቴ አታውቅም ብላ እንጂ እናቴ ዋሸች ብላ አላሰበችም።

ጋሼ አሁን አይስቁም። «በይ ሳይውል ሳያድር አስተካክዪው» አሉኝና ወደ ጨርቃቸው ዞሩ።

ነሐሴ 19፣ እሁድ

ለባሌ ነገርኩት። ግቢ ውስጥ ብሩሾቹን ያጥብ ነበር።

«አልሞላም ማለት ነው?»

«አልሞላም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ማጠቡን ቀጠለ። ውሃው ከጠራ በኋላም ያንኑ ብሩሽ ያሻል።

«ሞልቷል ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «ሌላ ትምህርት ቤት ልፈልግ እንኳ አላልኩም። ባልጠይቅ ይሻላል ብዬ...»

ለካ እሱም። ለአስር ወር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፈሪዎች፣ እርስ በርስ ተደባብቀን።

ልጅቷ መጣች። «ምን ሆናችሁ?»

«ቀለም ዓይናችን ገብቶ ነው» አላት።

ብሩሹን አየችው። «የታጠበ ብሩሽ ቀለም አለው?»

ይቺን ደግሞ ማን ይዋሻታል።

ነሐሴ 21

ሶስታችን ሄድን። መዝጋቢዋ አስታወሰችኝ።

«በሶስት ሳምንት አንድ ዓመት አደገች?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጄ ቀደመችን። «እማዬ አሁን ትችላለች። ይጠይቋት።»

ሴትዮዋ ግራ ገባት። እኔ ግን፣ «ቁጥሩን ያኔም አውቀው ነበር። ልጅ ሞቶብኛል። እሷን መላክ ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አልኳት። ሰው ፊት እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ ለረጅም ጊዜ።

መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። አሁን ግን በእውነት ሞልቷል አለች። በመክፈቻው ዕለት የሚቀር ልጅ ካለ ብቻ ትገባለች። የዋሸሁት መጥቶ እውነት ሆነብኝ።

መንገድ ላይ፣ «ምን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ።

«እንደ ወንድምሽ እንዳትታመሚብኝ።»

አሰበች። «ቤትም እኮ ታምሜ አውቃለሁ። ያኔ ሆዴን።»

«ያኔማ ሳሙና በልተሽ ነው።»

«ትንሽ ነው የበላሁት።»

አባቷ ለመሳቅ ቆም አለ። እሱ ሲስቅ ካየሁ... አላስታውስም።

ነሐሴ 28

የደንብ ልብሷን ሰፋሁ። ቦታ እንኳ ሳይኖራት። ጋሼ ናቸው የቆረጡት። ከጫፉ አራት ጣት ትርፍ ተዉልኝ። «ታድግ የለ? እየፈታሽ ታስረዝሚዋለሽ» አሉ። ታድግ የለ... ይሄን ቃል ስሰማ ውጪ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ። ተመልሼ ሰፋሁት።

መስከረም 13

በሩ ጋ ቆምን። እሷ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ስሟ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም። ስም ሲጠራ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ሁሉም ይምጡ ይላል፣ አንዱ አንድ ሰው ይቅር።

ሁለት ልጆች ቀሩ። መዝጋቢዋ በእጇ ጠቀሰችን። «ያቺ ባለስድስቷ ትምጣ።»

ገባች። ዞራም አላየችኝ። ስፌት ቤት ሄጄ የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ሁለቱንም። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስፌቱን ይተረትሩልኝ ጀመር።

ጥቅምት 1

ትኩሳት ይዟት መጣች።

እጄን ግንባሯ ላይ እንዳደረግኩ አባቷን ጮኼ ጠራሁት። አባቷ ተሸክሟት ወደ ክሊኒክ ሮጥን። ነርሷ አየቻት፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ጉሮሮዋን አየች። «ጉንፋን ነው እህቴ። ሰሞኑን የልጅ ጉንፋን በዝቷል።» ሶስት ጊዜ ጠየቅኳት። ሶስት ጊዜ መለሰችልኝ፣ እግዜር ይስጣት።

ጥቅምት 3

ትኩሳቱ አልወረደም። ነገ አራተኛ ቀኗ ነው። ሌላ አልጽፍም።

ጥቅምት 4

ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። «እማ፣ ራበኝ።»

ሁለት ዳቦ በላች። ሶስተኛውን አባቷ እጅ ላይ ያለውን ቀማችው።

ጥቅምት 9

ወንድሟ ከሞተ ዓመት ሆነው። ሶስታችን ቤት ዋልን። ስሙን ጠራነው። በር ጀርባ ተደብቆ እያስነጠሰ እንዴት እንደሚያዝ እሷ አስታወሰችን። አለቀስንም፣ ሳቅንም። ከሞተ ጀምሮ ቤታችን ስሙ እንዲህ አልተጠራም ነበር።

ጥቅምት 11

ዛሬ ተመልሳ ትምህርት ቤት ገባች። እኔው ነኝ ያደረስኳት፣ በገዛ እግሬ። በሩ ጋ ትንሽ ቆምኩና ሄድኩ።

ከሰዓት ጋሼ ስለ ሚስታቸው አንድ ነገር ነገሩን፣ እዚህ የማይጻፍ። ሆዴን ይዤ ስስቅ ባልደረባዬ «ልጅሽስ?» አለችኝ። የመውጫዋ ሰዓት አልፏል። ሩብ ሰዓት።

ሮጥኩ። ነጠላዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ደረጃው ላይ ከአንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ ጋር ተቀምጣ ጠጠር ትጫወታለች። ፊቷ አቧራ ብቻ። ቀና ብላ አየችኝና ቅር አላት።

«እማ፣ ምነው ቶሎ መጣሽ? ትንሽ ቆይተሽ አትመጪም?»

እታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።