በልቻለሁ ያልኩት ቁርስ

ለምሳሳልሽ እናቴ፤ ይህች ወረቀት ደጅሽን ስትረግጥ በጤናሽ፣ በሙሉ አቅምሽ ታግኝሽ። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? አባዬስ ጉልበቱ እንዴት ነው? እህቴ እርግዝናው ከበዳት? ጭራሮ ወንድሜስ ትምህርቱን ይዟል ወይስ ኳሱን? ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ምንም አልጎደለብንም፣ ጠግበን ነው የምናድረው፣ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ ብለሽኝ ነበርና ልቤ አርፎ ሰነበተ። እኔም ለጤናዬ ደህና ነኝ። ግን እማዬ፣ አፍሬያለሁ። የምገባበት ጠፍቶኝ ነው የምጽፍልሽ፤ ለሌላ ለማን ይነገራል።

የምንከባከባቸውን ሽማግሌ ነግሬሻለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ናቸው። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። የመጀመሪያው ቀን ማቀዝቀዣውን ከፍታ አሳየችኝ። ብርቱካኑ፣ ፖሙ፣ ኮኩ፣ ወይኑ ታጥቦ ተደርድሯል። ሐኪሙ ለቁርስ ትኩስ ፍራፍሬ ይብሉ ብሏቸዋል፣ አንቺም አብረሽ ብዪ አለችኝ። እኔ፣ በባዶ ሆዴ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ የመጣሁት ልጅሽ፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሰው ቤት የቀረበ ሁሉ ላይ እጅ አይሰደድም ብለሽ አይደል ያሳደግሽኝ! ኧረ በሞቴ ትለኛለች፣ እኔም ትንሽ አንገራግሬ እቀምሳለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ እሺ አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እዚህ ሰው አገር በሞቴ የሚል የለም እማዬ። አንዴ በልቻለሁ ካልሽ በልተሻል፣ አለቀ።

በማግስቱ አልበላሁም ብል ትናንት ዋሽቻለሁ ማለት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ በዚያው ገፋሁበት። ጠዋት ጠዋት ፖሙን ልጬ፣ ኮኩን ከፍዬ፣ የብርቱካኑን ነጭ ክር ሳይቀር ለቅሜ ለሽማግሌው አቀርባለሁ። በልተሻል ወይ ይሉኛል፤ በልቻለሁ እላለሁ። ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ... ይቅር፤ አይ፣ ልንገርሽ። ልጣጩ ላይ የቀረውን በጥርሴ እግጥ ነበር። ያንቺ ልጅ፣ ማቀዝቀዣው አልዘጋ እስኪል በሞላበት ቤት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ልጣጭ ትግጣለች።

አንድ ቀን የሽማግሌውን መኝታ ቤት ሳጸዳ ትንኝ በዛብኝ። የራስጌያቸውን መሳቢያ ብከፍት የጠቆረ ፖም በናፕኪን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በመነጽራቸው ቤት ውስጥ የወይን ፍሬ፣ በካልሲያቸው ውስጥ ብርቱካን። ከዚያ በፊትም ከሰዓት ላይ ከኪሳቸው የወየበ ቁራጭ አውጥተው ሲዘረጉልኝ፣ ቁርሱና ምሳው ተምታታባቸው እያልኩ፣ በልቻለሁ አባባ ብዬ እመልስ ነበር። አሁን ሁሉን ገጣጠምኩና ዐዋቂ ሆንኩ። አመሻሽ ላይ ልጃቸው ስትገባ፣ አባትሽ ምግብ ይደብቃሉ፣ መርሳት ሳይጀምራቸው አልቀረም አልኳት። ጎበዝ ሠራተኛ ትለኛለች ብዬም ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽሽም። እሷ ግን ወንበር ይዛ ቁጭ አለች። እናቴንም እንዲሁ ነበር የጀመራት አለች። ሳምንቱ ሳያልቅ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አልጋ ተገኘላቸው። ሽማግሌው ሲነገራቸው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሻንጣቸውን የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። ካፖርታቸውን ሳጥፍ ኪሱ ውስጥ ሙሉ ኮክ አገኘሁ፤ ያልተነካ። ልጥለው ስል እጄን ያዙኝ። ያንቺ ነው አሉኝ፤ ሁሉም ያንቺ ነበር። ቋንቋው ገና እንደሚያኮላትፈኝ ስለሚያውቁ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የበላ ሰው የሰው ሳህን እንደዚያ አያይም፣ ሳህኔ ላይ ባስተርፈው አልበሉም ብለሽ ለልጄ ትነግሪያለሽ፣ ስሰጥሽም አትቀበዪም፣ እሺ እስክትዪኝ ማስቀመጥ እንጂ ሌላ ምን ላድርግ፣ ለልጄ ብናገርም አንቺን ማሳፈር ሆነብኝ አሉኝ። እማዬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጃቸውን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ቤትሽ ሞልቶ እኔ ተርቤ ነበር ማለት እሷን መስደብ መሰለኝ፤ ዝም ማለት ደግሞ ሽማግሌውን ከገዛ ቤታቸው ማስወጣት ነው። እንደምንም ነገርኳት፤ ልጣጩንም አልደበቅኩ። ፊቷ ቀላ። ለምን እርቦኛል አላልሽኝም አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት፣ ይሉኝታ ያዘኝ ይባላል? ስልኳን አንስታ አልጋውን ሰረዘችና ሻንጣውን ራሷ ፈታችው። ለኔ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀምጠው፣ ሹካቸውን ሳያነሡ ጠበቁኝ። በልተሻል ወይ አሉኝ። አፌ የለመደውን ሊናገር ሲል መለስኩትና፣ አልበላሁም፣ እርቦኛል አልኩ። ኮኩን ስነክሰው ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ። እሳቸውም መብላት ጀመሩ። እኔ ግን እስካሁን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በይ እንግዲህ፣ አባዬን ሁለቱንም ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ የታመመውን ቀስ ብለሽ። እህቴን በሰላም ይገላግላት፤ ሆዷን ዳብሺልኝ። ጭራሮን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚው። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም፣ የሰፋችልኝ ቀሚስ ዛሬም ልኬ ነው በያት።

አንቺን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆች ሳለን ጠዋት ዳቦውን ለኛ ቆርሰሽ ስታበቂ፣ ብርጭቆሽን ይዘሽ እንደቆምሽ፣ እኔ እናንተ ሳትነሡ በልቻለሁ ትዪን ነበር። ያን ደብዳቤሽንም ዛሬ መልሼ አነበብኩት፤ ጠግበን ነው የምናድረው የሚለውን። አላመንኩሽም። በሞቴ እማዬ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። ቁርስ በልተሻል?

ልጅሽ
ከሽማግሌው ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ
ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ሰኞ ረፋድ