የዋልታውን ነፋስ አልሰርዝም

ረቡዕ፣ ህዳር 10። ጠዋት

አሁንም አልዞረም። ሻዬ ቀዝቅዟል፣ ስክሪኑ ላይ አፈጥጣለሁ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ አሁንም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ግትር!

ላስረዳህ ደብተሬ፣ አንተ መቼም አታቋርጠኝም። ከምድር ወገብ በላይ፣ አውሮፕላን ከሚበርበትም ከፍ ብሎ፣ ስትራቶስፌር ውስጥ አንድ ነፋስ አለ። ዓመት ገደማ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ከዚያ ይገለበጥና ወደ ምሥራቅ። እውነተኛው ሰማይ ሳይታክት ያደርገዋል። እኔ ኮምፒውተር ላይ የምሠራው የአየር ንብረት ሞዴል ግን እምቢ። ምክንያቱን አውቃለሁ። ነፋሱን ከሚገለብጡት መካከል ከዝናብ ደመና ተነስተው ወደ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ሞገዶች አሉ። የሞዴሉ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ያመልጡታል። ስለዚህ በእጅ፣ በቀመር ይጨመራሉ። እኔና ከድር «ቅመም» እንላቸዋለን።

ከድር አብሮኝ የሚማር፣ ሰርቨሩን የሚንከባከብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መካኒሳ አቦ የወንድሙ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚቆም ጓደኛዬ ነው። ዛሬም አሾፈብኝ። ነፋስሽ እንደ ማታ የጎፋ ታክሲ ነው፣ ሄዶ መመለሻ የለውም አለ። ሳቅኩ። ግን አላሳቀኝም።

ዓርብ፣ ህዳር 12። ከሥራ በፊት

ህዳር ሲታጠን። ሰፈራችን ሀና ማርያም በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ኮንዶሚኒየሙ አናት ላይ ሲደርስ ጋደም ይላል። መስኮት ላይ ቆሜ ሳየው እማዬ ዝጊው አለች። እኛ ጴንጤዎች በጭስ በሽታ አናባርርም፣ በጸሎት እንጂ፣ ብላ ሳሎን ውስጥ ሰበከችልኝ። እሷ ራሷ እየሳለች።

አማካሪዬ ዶ/ር ጌታሁን ትናንት ተቆጡ። ቅመሙን ጨምሪ፣ አትፍሪ። የዶክትሬት ጽሑፉ በዚህ ወር ካልገባ ዲፌንስ፣ የመጨረሻው ፈተናሽ፣ ለከርሞ ነው። ለከርሞ! ሌላ ዓመት እማዬ የሰው ልብስ እየሰፋች ታብላኝ? አይሆንም። ጨመርኩ። ሞዴሉን አስነሳሁት፣ በአንድ ሌሊት የብዙ ዓመት ሰማይ ያሰላል። እንግዲህ ይለይልን።

ቅዳሜ፣ ህዳር 13። ከሰዓት

ዞረ!!!

ደብተሬ፣ ዞረ! ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ እንደገና። ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ልክ እንደ እውነቱ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጨፈርኩ። ለከድር ሱቁ ደወልኩ፣ ደንበኛ አቁሞ አብሮኝ ጮኸ። ለእማዬም ደወልኩ። ዞረልሽ? አለች። ዞረ፣ አለቀ! አልኳት።

እሑድ፣ ህዳር 14

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ያለው ሲባል ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? እማዬ። ማይኩን ጨበጠች። ስንት ዓመት ልጄን ሲቃወማት የነበረ ነፋስ በኢየሱስ ስም ዞሯል! ጨርሳለች! ዶክተር ሆናለች! እልልታው ጣራ ነቀለ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ። ገና ግማሹን ውጤት አላየሁም። ጽሑፉ አልገባም። ዲፌንስ የለም።

ከወጣን በኋላ ጠየቅኳት። በእምነት ነው የመሰከርኩት፣ አለች። ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ መጥራት። ለእኔ የምስጋና ፕሮግራም ታኅሣሥ ላይ ተቆርጧል። እናቶች በሙሉ «ዶክተሬ» እያሉ ይስሙኛል። ምን ይባላል? ሳምኳቸው።

ማክሰኞ፣ ህዳር 16። ማታ

ወይኔ።

የቀረውን ዓለም ዛሬ አየሁት። ምድር ወገብ ላይ ነፋሱን ያዞረልኝ ቅመም ሌላ ቦታ ጉድ ሠርቷል። በብርዱ ወራት ሰሜን ዋልታን የሚዞረው ኃይለኛ ነፋስ ሞዴሉ ውስጥ ልፍስፍስ ብሏል። ከድር ግራፉን አይቶ ማሾፉን ተወ። እሱ ካላሾፈ ነገሩ ከባድ ነው።

ለዶ/ር ጌ. አሳየኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ለስላሳ ሆኑ፣ ያ ይብሳል። የጥናትሽ ርዕስ የምድር ወገብ ነው፣ ስለ ዋልታ ማን ጠየቀሽ? ያንን ግራፍ ከጽሑፉ አውጪው፣ የቀረው ግሩም ነው፣ እፈርማለሁ። ወንበር ስበው ቡና ላስመጣልሽ ወይ አሉኝ።

አልፈልግም አልኩ። ቡናውንም ምክሩንም። ነገ አንዱ ይህን ሞዴል ወስዶ ይሠራበታል። ወገቡን አይቶ ያምነኛል። ዋልታው የሞተ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ነፋሱ የዞረው በዋልታው ኪሳራ ነው። እሱን ደብቄ ዞረ ማለት አልዞረም ከማለት ይብሳል። በውሸት ከሚዞር እንደ ድሮው ግትር ሆኖ ይቅር!

ሐሙስ፣ ህዳር 18

ዶ/ር ጌ. ለየላቸው። ግራፉ ከጽሑፉ ካልወጣ ፊርማ የለም። ፊርማ ከሌለ ዲፌንስ የለም። በሩን ከፍተው ቆሙልኝ፣ ውጪ ማለት ነው። ወጣሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ፣ በንዴት ነው እንጂ በፍርሃት አይደለም። እሺ፣ በሁለቱም ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። ጉዱ ያኔ መጣ። ሰው ምን ይላል? እግዚአብሔርን ልታሳፍሪው ነው? እኔ መስክሪልኝ ብዬሻለሁ? አልኳት። አንቺ አይደለሽ አለቀ ያልሽኝ? አለች። እውነቷን ነው። ተኮራርፈን እራት በላን፣ ሽሮውም ጨው በዝቶበታል።

ቅዳሜ፣ ህዳር 20

መካኒሳ፣ ከድር ሱቅ። ሚስማር እየመዘነ መከረኝ። ለጊዜው ግራፉን ከጽሑፉ አውጪው። ማዕረጉን ያዢ፣ ከዚያ በስምሽ ሌላ ጽሑፍ አድርገሽ ታሳትሚዋለሽ። ማን ይከለክልሻል ያኔ? ክፋት የለውም፣ አዝኖልኝ ነው። ወላሂ እኔ ብሆን አደርገው ነበር አለኝ።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። አዎ ደብተሬ፣ ሞከርኩት። ግራፉን መርጬ አጠፋሁት። የገጾቹ ቁጥር ራሱን አስተካከለ። ከሥር ያለው ጽሑፍ ወደ ላይ ተጠጋና ክፍተቱን ሞላው። ማንም አንድ ነገር ጎድሏል አይልም። ይሄን ያህል ቀላል ነው!

መለስኩት። እንዲያውም ወደ ፊት አመጣሁት፣ ከወገቡ ግራፍ ጎን፣ እኩል አድርጌ። አሁን አንዱን ሳያይ ሌላውን የሚያይ የለም።

እሑድ፣ ህዳር 21። ከሰዓት

ጉድ ስማ።

ምስክርነት ሲባል እኔ ተነሳሁ። በሕይወቴ ማይክ ይዤ አላውቅም። ነፋሱ ዞሯል፣ ግን ሌላ ቦታ አበላሽቷል፣ ስለዚህ አልጨረስኩም፣ ዶክተርም አይደለሁም፣ አልኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከልማድ የተነሳ አሜን አሉ። መጋቢው ጉሮሮውን ጠረገ። እማዬን ማየት አልቻልኩም።

እሷ ግን መጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ በሰው መካከል፣ ቀስ ብላ። ማይኩን ከእጄ ወሰደች። ልታስተባብል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲህ አለች፦ «በሐሰት አትመስክር ይላል። ባለፈው እሑድ ያልሆነውን ሆነ ብዬ መስክሬአለሁ። እምነት መስሎኝ ነበር፣ ችኮላ ነው። ልጄ ልክ ናት። አሁን ወገቡ ደኅና ነው፣ ለሰሜን ዋልታ ጸልዩ።»

ጸለዩ! ደብተሬ ሙት እልሃለሁ፣ አዳራሹ ተነስቶ፣ እጅ ዘርግቶ፣ እንባ እያፈሰሰ ለሰሜን ዋልታ ጸለየ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ ይህ ዋልታ የሚሉት ብርዱ እንዴት ነው፣ ሰው አለበት ወይ፣ አለችኝ።

ሰኞ፣ ህዳር 22። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ላክሁት። ከነግራፉ። ለትምህርት ክፍሉ፣ ግልባጭ ለዶ/ር ጌ.። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፣ ከሥሩ ለምን ባዶ እንደሆነ በሁለት መስመር ጻፍኩ። ከድር ምስክር ሆኖ ከመስመሮቹ ሥር የእሱንም ስም እንድጨምር ጠየቀኝ። ወላሂ አደርገው ነበር ያለው ልጅ! ለከርሞ ካሉኝ ለከርሞ። ቅመሙን ከሥር ጀምሬ እሠራዋለሁ፣ ዋልታውን ሳይነካ እስኪዞር። ዓመት ከፈጀ ይፍጅ።

ስልኬ እየጠራ ነው። ዶ/ር ጌ. ናቸው።

ሁለተኛ ጊዜ። ይጥሩ። ምን እንደምል ግን አውቄዋለሁ።

እማዬ የስፌት ማሽኗን አቁማለች። እኔ ላንሳው ወይ ትላለች ከሳሎን፣ እኔ ላስረዳቸው ስለ ዋልታው። ኧረ እማዬ ተይ! መጣች፣ እጇን ዘርግታ፣ ስልኩን ቆይ እማ